ካሜራው ዝቅ ያላለበት ፊልም
«ብላክ ጎልድ» ከሸቤ ሲታይ

ስለ ቡናችን የተሠራ ፊልም በተነሣ ቁጥር ስሙ ቀድሞ የሚጠራው «ብላክ ጎልድ» ነው፤ ጥቁር ወርቅ። ማርክና ኒክ ፍራንሲስ የተባሉ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች ያዘጋጁት ይህ ዘጋቢ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በጥር 1998 ዓ.ም. በአሜሪካ የሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተብሎለታል፤ ብዙም ተብሎበታል። ታዲያ ይህን ያህል ዘመን የቆየ ፊልም ዛሬ ማንሣት ለምን አስፈለገ የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ፊልሙ የሚያሳየን ገበሬ በቡና ዋጋ መውደቅ የተመታ ገበሬ ነው። ያው ገበሬ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በሌላ የዓለም ቀውስ፣ በማዳበሪያ ዋጋ መናር ተመትቷል። ሁለቱን ዱላ የቀመሰ ሰው ፊልሙን ዛሬ ቢያየው እንደ ድሮው ያየዋልን? ሁለተኛው ምክንያት የዚህ ጸሐፊ የራሱ ገጠመኝ ነው። ፊልሙን አዲስ አበባ ላይ ሁለት ጊዜ አይቼ ሁለቱንም ጊዜ አድንቄ ወጥቻለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ያየሁት ግን ሸቤ፣ በአንድ የቡና ገበሬ ቤት በእንግድነት ተቀምጬ ነው። አድናቆቴ ያኔ አልጠፋም፤ ነገር ግን አጠገቡ አንድ ቅሬታ በቀለ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ቅሬታ ልጅ ነው።

ፊልሙ የያዘው

መጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና እንስጠው። «ብላክ ጎልድ» የሚከተለው አቶ ታደሰ መስቀላን ነው። አቶ ታደሰ በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ ሆነው፣ ፊልሙ በተቀረጸበት ጊዜ ከሰባ ሺህ የሚበልጡ ገበሬዎችን ቡና ይዘው ገዢ ፍለጋ ዓለምን ይዞራሉ። ሻንጣቸውን ይዘው ከቅምሻ ክፍል ወደ ንግድ ትርዒት፣ ከንግድ ትርዒት ወደ ለንደን ሱፐርማርኬት ሲገቡ እናያቸዋለን። ከመደርደሪያ መደርደሪያ እየሄዱ የገበሬዎቻቸውን ቡና ሲፈልጉ ማየት ብቻውን ፊልም ነው።

ዘመኑ ምን ዓይነት እንደነበር ለማስታወስ ያህል፦ የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት በ1981 ዓ.ም. መጨረሻ ከፈረሰ በኋላ ዋጋውን የሚይዝ ልጓም ጠፋ። ቬትናምን የመሳሰሉ አዳዲስ አምራቾች ገበያውን አጥለቀለቁት። በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ በኒውዮርክ ገበያ የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ፊልሙ ይህን ቁጥር ሥጋና ደም ያለብሰዋል። አዲስ አበባ ላይ በቀን ግማሽ ዶላር ለሚሆን ሂሳብ ቡና ሲለቅሙ የሚውሉት ሴቶች፣ የኒውዮርክ ገበያ ጩኸት፣ የትሪየስቴው ኢሊ፣ የሲያትሉ የስታርባክስ መደብር፣ በ1996 ዓ.ም. መባቻ በካንኩን የተካሄደው የዓለም ንግድ ድርጅት ጉባዔ፤ ሁሉም በአንድ ክር ተሰክተዋል። ትምህርት ቤት ለመሥራት የተሰበሰቡት ገበሬዎች፣ ካላቸው ላይ ምን እንደሚያዋጡ ሲመክሩ የሚታዩበት ክፍል ደግሞ የፊልሙ ልብ ነው። ሌላው ሁሉ ስለ ገበሬው ሲናገር እዚያ ላይ ግን ገበሬው ራሱ ይናገራል።

ውጤትም አልታጣበትም። ፊልሙ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በሚታይበት ወቅት ኢትዮጵያ የይርጋ ጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስም በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ከስታርባክስ ጋር ክርክር ገጥማ ነበር። ሰኔ 1999 ዓ.ም. ላይ ሁለቱ ወገኖች ተፈራረሙ። ስምምነቱን ፊልሙ አመጣው ማለት ማጋነን ይሆናል። ተመልካቹ የገበሬውን ፊት አይቶ ክርክሩን እንዲሰማ ማድረጉን ግን መካድ አይቻልም።

«ዛፎቹስ?»

ሸቤ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጅማ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። ያስተናገዱኝ አባወራ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ ነው። ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አስቀምጠን፣ ቡናው እየተፈላ፣ ልጆቹ ከኋላ ተደራርበው አየን። እንግሊዝኛውን እኔ ተረጎምኩላቸው። ገበሬዎቹ በኦሮምኛ ሲናገሩ ግን ተርጓሚው እሳቸው ሆኑ፤ የጉጂን አነጋገር ከጅማው እያመሳከሩ አንዳንዴም ፈገግ ይሉ ነበር።

ቡናው አላዋጣ ቢለው ፊቱን ወደ ጫት ያዞረው ገበሬ ሲመጣ «ቆይ ልጄ፣ አቁመው» አሉኝ። አቆምኩት። «ዛፎቹስ?» ብለው ጠየቁ።

«የትኞቹ ዛፎች?»

«ቡናው በጥላ ሥር ነበር አይደል? ጫት ጥላ አይወድም። ዛፎቹን ቆርጧቸው ይሆን?»

ወደ ኋላ መልሼ አሳየኋቸው። ፊልሙ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። ጥያቄውን እንኳ አያነሣውም። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው «እሺ፣ ቀጥል» አሉ።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የፊልሙ ትልቁ ጉድለት ያቺ ጥያቄ ውስጥ አለ። «ብላክ ጎልድ» ገበሬውን የሚያውቀው ሻጭ አድርጎ ነው። ገበሬው ሚዛን ፊት ቆሟል፣ ይታለላል፣ ዋጋ ይጠብቃል፣ ይጸልያል። ከሚዛኑ በፊት ያለው ሰው፣ መሬቱን ይዞ የሚያድረው ገበሬ ግን አይታይም። ካሜራው ከገበሬው ፊት ወደ ኒውዮርክ፣ ከኒውዮርክ ወደ ካንኩን ይበርራል፤ ወደ እግሩ ሥር ግን አንዴም ዝቅ አይልም። የፊልሙ ስም ጥቁር ወርቅ ነው። ለሸቤ ገበሬ ጥቁሩ ወርቅ ፍሬው ብቻ ነውን?

ይህ የውበት ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የፊልሙን ክርክር ራሱን ያጎድለዋል። ለምሳሌ በሲዳማ የተመጣጠነ ምግብ ማጣት ሕክምና ጣቢያ የተቀረጸውን ክፍል እንውሰድ። የከሱ ሕፃናት በሚዛን ሲለኩ እናያለን፤ በሌላ ወገን የምዕራቡ ዓለም ካፌ ድምቀት ይመጣል። ንጽጽሩ ያማል፤ እንዲያምም ተደርጎ ነው የተሠራው። ነገር ግን ተመልካቹ ይዞት የሚወጣው መደምደሚያ አንድ ብቻ ነው፤ ቡናው ስለረከሰ ልጁ ተራበ። እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። 1995 ዓ.ም. በአገራችን ከ12 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የምግብ እርዳታ የጠበቀበት የድርቅ ዘመን ነበር። የሲዳማ ቤተሰብ ደግሞ በቡና ብቻ አይኖርም፤ እንሰት አለው። እንሰት ፍግ ይፈልጋል። ከብት የሸጠ ቤት ፍግ የለውም፤ ፍግ የሌለው ጓሮ እንሰቱ ይመነምናል። ረሀቡ የመጣው በገበያውም በአፈሩም በር ነው። ፊልሙ አንዱን በር ብቻ ከፍቶ አሳየን።

መቶ እርምጃ

በማግስቱ አስተናጋጄ ማሳቸውን አስጎበኙኝ። መጀመሪያ ቡናው ውስጥ ገባን። ከላይ ዋንዛ፣ ሰሳና ብርብራ፣ ከሥር ቡና። መሬቱ ቅጠል ለብሷል። በዱላቸው ቅጠሉን ገለጥ አድርገው አንድ እፍኝ አፈር አነሡና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ጥቁር፣ ፍርፍር የሚል፣ የጫካ ሽታ ያለው። ትሉም ይንቀሳቀሳል።

ከዚያ መቶ እርምጃ ያህል ወርደን በቆሎው ጋ ደረስን። ቀይ መሬት ነው፤ ከመድረቁ የተነሣ በዱላ ሲመታ እንደ ሸክላ ይሰማል። ከዚያም አንድ እፍኝ ሰጡኝ። ሁለቱን እፍኝ ግራና ቀኝ ይዤ ቆምኩ። ወላጆቻቸው ሳይመነጥሩት በፊት በቆሎው ያለበትም ቡና እንደነበር ነገሩኝ። አንድ መሬት ነበር ማለት ነው።

ነገሩ ምስጢር የለውም። የጅማ አካባቢ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል። ይህ ዝናብ ባዶ መሬት ሲያገኝ ካልሲየምና ማግኒዚየሙን ወደ ታች አጥቦ ይወስደዋል፤ መሬቱ ኮምጣጣ፣ በባለሙያዎቹ ቋንቋ አሲዳማ ይሆናል። በአሲዳማ ቀይ አፈር ውስጥ ደግሞ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን ጨምድደው ይይዙታል፤ ሥሩ ሊያገኘው አይችልም። በጥላው ሥር ግን ዛፉ በረጅም ሥሩ ከታች የቀዳውን በቅጠሉ ወደ ላይ ይመልሳል። ሰሳና ብርብራ የጥራጥሬ ወገን በመሆናቸው ናይትሮጂንን ከአየር ያስገባሉ። ቅጠሉ ራሱ ዝናቡን ይመክታል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ተረት እዚህ ቃል በቃል ይሠራል።

ከዚህ ሥርዓት ውስጥ በየዓመቱ የሚወጣ ነገር ደግሞ አለ። ስልሳ ኪሎ የሚመዝን አንድ ከረጢት ጥሬ ቡና ወደ ውጭ ሲላክ አንድ ኪሎ ያህል ናይትሮጂንና ወደዚያው የሚጠጋ ፖታሲየም ከመሬቱ ይዞ ይሄዳል። በኒውዮርክ የሚከፈለው ዋጋ፣ ዝቅም ይበል ከፍ፣ ይህን አይቆጥርም። ፊልሙ ስለ ዋጋ አንድ ሰዓት ከሩብ የሚያልፍ ጊዜ ሲያወራን ከረጢቱ ውስጥ አፈርም አብሮ እንደሚሸጥ አልነገረንም።

የሚያሳዝነው ሌላ ነገር አለ። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ የሚሆን እሸት ያስፈልጋል። ከዚያ ውስጥ ብዙው ልጣጭና ውኃ ነው፤ ልጣጩም ፖታሲየም የሞላበት ነው። በጅማ ዙሪያ ባሉ ማጠቢያ ጣቢያዎች ይህ ልጣጭና እጣቢው ወደ ወንዝ ሲለቀቅ ኖሯል። በለቀማ ወራት ወንዙ እንደሚሸት ታች ያለው ሕዝብ ያውቀዋል፤ ተመራማሪዎችም ለክተው ጽፈውታል። የመሬቱ ሲሳይ ወንዝ ይገማበታል፤ ገበሬው ደግሞ ያንኑ ሲሳይ በከረጢት ከባሕር ማዶ ይገዛል።

ሁለተኛው ቀውስ

የካቲት 2014 ዓ.ም. ሩሲያና ዩክሬን ጦርነት ገጠሙ። ሸቤና ኪየቭ ምን ያገናኛቸዋል? ማዳበሪያ ያገናኛቸዋል። ኢትዮጵያ የአፈር ማዳበሪያ የምታገኘው ከውጭ በመግዛት ነው። ሩሲያ ከዓለም ትላልቅ ሻጮች አንዷ ናት። ጋዙ ሲወደድ ዩሪያው ተወደደ፤ የዓለም ዋጋ በዚያው ዓመት ጣሪያ ነካ። ገበሬያችን ለአንድ ኩንታል ይከፍል የነበረው ከእጥፍ በላይ ሆነበት። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በብዙ አካባቢ ገንዘብ ይዞም የሚገዛው አጣ። ለማዳበሪያ አቤቱታ አደባባይ የወጣ ገበሬ አይተናል።

መንግሥት ደጎመ፤ የውጭ አበዳሪዎችና ለጋሾችም ለማዳበሪያ መግዣ ገንዘብ ሰጡ። በዚያ ሰዓት አስፈላጊ ነበር፤ የዘር ወቅት ምክክር አይጠብቅም። ጥያቄው ግን ይህ ነው፦ ከረጢቱ የሚያርፈው ምን ዓይነት አፈር ላይ ነው? በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማ እንደሆነ ባለሙያዎቹ በተደጋጋሚ ይናገራሉ፤ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ ዋነኛው ነው። በዚህ ዓይነት መሬት ላይ በውድ ዋጋ የተገዛ ፎስፈረስ ሲረጭ ጥቂቱ ለሰብሉ፣ የቀረው ለብረቱና ለአሉሚኒየሙ ይሆናል። የአፈሩ መድኃኒት ኖራ ነው። ኖራው ደግሞ ለአንድ ሄክታር ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ኩንታል ይጠይቃል። ማዳበሪያ ቢበዛ ሁለት ሦስት ኩንታል ነው፤ በአህያ ይገባል። አርባ ኩንታል ኖራ ከአስፋልቱ እስከ ተዳፋቱ ማሳ ማን ያድርሰው? በከተማ አዳራሽ «ኖራ ይሠራጭ» ሲባል የሚረሳው የአህያው ጉልበት ነው።

ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱን አፈር በካርታ የማስፈር ሥራ ተጀምሮ የማዳበሪያው ዓይነትም እንዲለወጥ ምክንያት ሆኗል። ጥሩ ጅምር ነው። ሆኖም ካርታ ቢሮ ሲቀመጥ ካርታ ነው፤ ገበሬው ዘንድ ሲደርስ ነው ዕውቀት የሚሆነው። አስተናጋጄን ስለ አሲዳማነት ስጠይቃቸው ቃሉን ከልማት ሠራተኛ ሰምተውታል። መሬታቸውን ግን ለክቶላቸው የሚያውቅ ሰው የለም።

ዋጋም አፈር ነው

እስካሁን ያልኩትን ያነበበ ሰው «እንግዲያው ዋጋውን ተዉት፣ አፈሩን ያዙ እያልክ ነው?» ሊለኝ ይችላል። አይደለም። እዚህ ላይ ፊልሙን ከራሴ ወቀሳ መከላከል አለብኝ። ዋጋው ሲወድቅ ዛፉም ይወድቃልና። የአስተናጋጄ ጥያቄ የሚያሳየው ይህንኑ ነው፤ ጫት የተከለው ሰው ጥላውን የሚቆርጠው አፈር ጠልቶ ሳይሆን ልጆቹ የሚበሉት አጥቶ ነው።

ማስረጃው ከሸቤ አይርቅም። ከከተማዋ አቅራቢያ የበለጤ ደን አለ፤ ከጌራ ደን ጋር በአንድ ስም በለጤ ጌራ ይባላል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በጃፓን መንግሥት የልማት ድርጅት ድጋፍ ነዋሪዎች ደኑን በማኅበር ተደራጅተው እንዲያስተዳድሩ ተደረገ። ማኅበራቱ በኦሮምኛ ስማቸው አሕጽሮት «ዋቡብ» ይባላሉ። ጥቂት ቆይቶ የደን ቡናቸው ሬይንፎረስት አሊያንስ ከተባለው ድርጅት የምስክር ወረቀት አገኘ፤ በተሻለ ዋጋም መሸጥ ጀመረ። በአካባቢው ያጠኑት ታካሃሺና ቶዶ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች የምስክር ወረቀት ያገኘ ቡና ያለበት ደን ካላገኘው ይልቅ ከመጨፍጨፍ የመትረፍ ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን ጽፈዋል። ትርጉሙ ግልጽ ነው። ጥሩ ዋጋ ዛፉን ያቆመዋል፤ ዛፉ አፈሩን ያቆመዋል።

ታሪኩን ግን ከልክ በላይ ማሳመርም አይገባም። ገበሬ የደን ቡናውን በመነጠረ ቁጥር ከቡናው ጋር አብረው ይበቅሉ የነበሩት ቡቃያዎችም ይሄዳሉ፤ አሮጌው ጥላ ሲወድቅ ተተኪ ይጠፋል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የተሳተፉባቸው ጥናቶች ይህን ደጋግመው አሳይተዋል። የቡናው ጥላ ሥር ያለው ጥቁር አፈርም ቢሆን ከታች ያለውን የበቆሎ ማሳ አያድነውም። የሸቤ ገበሬ በአንድ እግሩ ጥቁር፣ በሌላው ቀይ አፈር ላይ ነው የቆመው።

አሁን ደግሞ ዋጋው ተገልብጧል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የኒውዮርኩ ዋጋ በፓውንድ ከአራት ዶላር አለፈ፤ እንዲህ ያለ ዋጋ ታይቶ አይታወቅም ነበር። የፊልሙ ቁጥሮች ሁሉ አረጁ። ፊልሙ ያነሣው ችግር ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ተፈትቷል ባልን ነበር። አልተፈታም። ውድ ዋጋም የራሱ ፈተና አለው፤ «ጥላውን ቀንሰን ቡናውን እናብዛ» የሚል ሐሳብ ይዞ ይመጣል። በርካሽ ዘመን ለረሀብ የተቆረጠው ዛፍ በውድ ዘመን ለትርፍ ቢቆረጥ ለአፈሩ ልዩነት የለውም።

ፍርድ

እንግዲህ «ብላክ ጎልድ» ጥሩ ፊልም ነው፤ ዛሬም መታየት ይገባዋል። የለንደኑን ጠጪ ከስኒው በላይ ቀና ብሎ እንዲያይ አስገድዶታል። ነገር ግን የመጨረሻው መልእክቱ ለገዢው የተላከ ነው፤ «የምትገዛውን ምረጥ» ይላል። ለእኛ ለራሳችን፣ ቡናውን ለምናመርተውና ለምናስተዳድረው ሰዎች የተላከ መልእክት ግን የለውም። ይህን ከእንግሊዛውያን መጠበቅም ያስቸግራል። የእኛ ሥራ ነው።

የእኛ ባለሙያዎች የሚሠሩት ፊልም ቢኖር ጥያቄዎቹ ሌላ ይሆናሉ። ቀውስ በመጣ ቁጥር ለገበሬው የሚዘረጋው እርዳታ ለምን ከረጢት ብቻ ይሆናል? የልጣጩ ክምር ብስባሽ ሆኖ ወደ ማሳው የሚመለስበት መንገድ ለምን የማጠቢያ ጣቢያው ፈቃድ አካል አይሆንም? የኖራው ማጓጓዣ ለምን እንደ ማዳበሪያው አይደጎምም? ጥላውን ጠብቆ የሚያመርት ገበሬ ለጠበቀው አፈር ለምን አይከፈለውም? እነዚህ ከካንኩን መልስ የማይጠብቁ ጥያቄዎች ናቸው።

ከሸቤ የወጣሁ ዕለት በማለዳ አስተናጋጄን ቤት አጣኋቸው። መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ከቡና መቀሸሪያው የተጣለ የጀንፈል ገለባ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው በአህያ ጭነው ወደ በቆሎው ይወርዳሉ። ማዳበሪያ የተወደደ ዓመት እንደጀመሩት፣ ገለባው ከፍግ ጋር ከርሞ ሲበሰብስ እንደሚበትኑት ነገሩኝ። መሬቱ ለውጥ አሳይቶ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ከላይኛው ጥግ ጥቂት» አሉኝ። ከረጢቱ ላይ የባሕር ማዶው ፋብሪካ ስም አሁንም ይነበባል።

የሚሠራው ፊልም ከዚያች አህያ ኋላ ቢጀምር ደስ ይለኛል።